ቫርኒሹ ይድረቅ እንጂ!

ኧረ ሰለቸን! የቤት ዕቃ ዋጋ ከአቅም በላይ ሲሆንበት ጣውላ ገዝቶ፣ መጋዝና መላጊያ ተውሶ፣ ቅዳሜና እሑዱን ሰጥቶ ለልጆቹ የማጥኛ ጠረጴዛ የሚገጥም ሰው በየሰፈሩ በዝቷል። እሰየው ነው። የሚያንገበግበው ያ ሁሉ ድካም መጨረሻው ላይ ሲባክን ማየት ነው። ልኩ ተጠብቆ፣ ማዕዘኑ ገጥሞ፣ ኮላው ይዞ፣ እግሩ ሳይነቃነቅ ቀጥ ብሎ የቆመ ጠረጴዛ ቫርኒሽ ላይ ሲደርስ ጥድፊያ ይጀመራል። ለሳምንታት የተለፋበት ሥራ በአንድ ከሰዓት ተለቅልቆ «አለቀ» ይባላል። ዓመት ሳይሞላው ገበታው ላይ የጀበና ክብ ይታተማል፤ ጠርዙ ይላጣል፤ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ሲቀመጥበት የኖረው ቦታ ይጠቁራል። ከዚያ «እንጨቱ ነው መጥፎ» ይባላል። እንጨቱ ምን አደረገ?

እኛ ዘንድ ቫርኒሽ የሚታየው በጌጥነቱ ብቻ ነው። ገዢው «ያበራል ወይ?» ይላል፤ ሻጩ «ፊትህን ታይበታለህ» ይላል፤ በዚሁ ተስማምተው ይለያያሉ። ውሃ ይችል እንደሆነ፣ ትኩስ ይችል እንደሆነ፣ ፀሐይ ይችል እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ብርቅ ነው። ዋናው ሥራው ግን መከለል ነው። እንጨት ከተቆረጠ ከሃምሳ ዓመት በኋላም ከአየሩ እርጥበት መውሰዱንና መመለሱን አይተውም። በሐምሌ ያብጣል፣ በጥር ይኮማተራል። ርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም፤ የሚሰፋውና የሚጠበው ወርዱ ነው። ክረምት ላይ አልከፈት ብሎ የሚያስቸግረው መሳቢያ በበጋ ያለ ችግር የሚንሸራተተው ለዚህ ነው። ቫርኒሽ ይህን ጨርሶ አያስቆምም፤ ያዘገየዋል። የሚያዘገየውም በሁሉም በኩል ሲቀባ ነው።

እዚህ ላይ ነው ምርር የሚለኝ። የገበታውን ላይ ሦስት እጅ ቀብቶ ሆዱን ባዶ መተው የአገር ልማድ ሆኗል። «ከሥር ማን ያየዋል?» ይሉሃል። ሰው ባያየው እርጥበቱ ያገኘዋል። ላዩ ተዘግቶ ሥሩ ክፍት የቀረ ጣውላ ክረምት ሲገባ በሥሩ ብቻ ይጠጣል፤ ሥሩ ይሰፋል፣ ላዩ ባለበት ይቆያል፣ ገበታው ይጎብጣል። ያኔ ባለቤቱ መዶሻ ያነሳና ሚስማር ይጨምርበታል። በሚስማር ተቀርቅሮ መንቀሳቀሻ ያጣ ጣውላ ደግሞ በጋ ላይ ሲኮማተር መሐል ለመሐል ይሰነጠቃል። የመሳቢያ ጀርባ፣ የአልጋ ርብራብ፣ ከግድግዳ ጋር የሚገጥመው የቁም ሳጥን ጀርባ፣ ሁሉም እንዲሁ ባዶውን ነው የሚኖረው። ከግድግዳው የሚመጣው እርጥበት ስንት ቁም ሳጥን እንዳሻገተ የልብሱ ሽታ ይናገራል።

ጫፉ የባሰ ነው። ጣውላ በተቆረጠበት አናቱ ላይ ዛፉ በሕይወት ሳለ ውሃ ያመላለሰባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች አፋቸውን ከፍተው ይቀራሉ፤ ስለዚህ በጫፉ የሚገባው ውሃ በጎኑ ከሚገባው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የወንበርና የጠረጴዛ እግር ቆሞ የሚውለው በዚሁ በተቆረጠው ጫፍ ላይ ነው። ቤቱ ደግሞ በየማለዳው በውሃ ይወለወላል፤ በረኪናም ይጨመርበታል። ወንበሩን ገልብጦ የእግሩን ግርጌ መምጠጥ እስኪያቆም ድረስ ደጋግሞ መቀባት የደቂቃዎች ሥራ ነበር። በየሄድንበት ቤት የወንበሩ እግር ከታች ጠቁሮና ተፈርፍሮ የምናየው ይህ ስለማይሠራ ነው።

የሚያልቀው እንጨት ቀላል እንጨት ቢሆን እንኳ ባልከፋ። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ከልክሎ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ተመናምነው ነበር ማለት ነው። ዛሬ ከፈረሰ የድሮ ቤት የወጣ የዋንዛ ወይም የዝግባ ጣውላ ያገኘ ሰው እጁ የገባው ተመልሶ የማይገኝ ነገር ነው። አያቶቻችን ገበቴውንና ጮጮውን ቅቤ እያጠጡ ከእናት ወደ ልጅ አሻግረዋል። እኛ በጣሳ የታሸገ መከላከያ በየሱቁ ሞልቶልን ያን የመሰለ ጣውላ በሁለት ክረምት እናበሰብሰዋለን።

ወደ ማለስለሱ ልምጣ። ብርጭቆ ወረቀት ቁጥር አለው። 80 ሻካራውን ያነሳል፣ 120 የ80ን ጭረት ያጠፋል፣ 180 ደግሞ የ120ን፤ ለቫርኒሽ 180 ወይም 220 ላይ መቆም ይበቃል። እኛ ጋ ግን አንድ ወረቀት ተገዝቶ እስኪያልቅ ይታሻል፤ ያውም ከእንጨቱ ጅማት ጋር ተቃርኖ። ቫርኒሹ ሲያርፍበት ያ ሁሉ ጭረት ጎልቶ ይወጣል። የማለስለሻ ማሽን ያለው ሰው ትግሉ ከመብራት ጋር ነው፤ ግማሹ ገበታ ለስልሶ ግማሹ ሳይነካ መብራት ይጠፋል፣ የቀረው በእጅ ይታሻል፣ ሁለቱ ወገን አንድ ዓይነት ሆነው አይወጡም። አቧራው ደግሞ አለ። ከሥራው የወጣው ሳያንስ መንገዱ ተቆፍሮ፣ ጎረቤት ብሎኬት እያወረደ፣ በግቢው በኩል የሚነፍሰው ሁሉ ገና ያልያዘ ቫርኒሽ ላይ ያርፋል። ወለሉን ውሃ ረጭቶ፣ መስኮቱን ለጊዜው ዘግቶ፣ ገበታውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ፣ ጨርቁ የተወው እርጥበት እስኪደርቅ ጠብቆ መጀመር ይቻላል። ግን ማን ይጠብቃል?

መጠበቅ ላይ ነው ሁላችንም የምንወድቀው። የቤት ዕቃ የሚታደሰው መቼ ነው? ነሐሴና ጳጉሜን ላይ! ዓመቱን ሙሉ ተረስቶ የከረመ ጠረጴዛ «ለእንቁጣጣሽ ይድረስልኝ» ተብሎ በነሐሴ ዝናብ ይቀባል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በነሐሴ ቀኑም ሌሊቱም ብርድና እርጥበት ነው። በዘይት የተሠራ ቫርኒሽ የሚጠነክረው ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው፤ ብርድ ይህን ሥራ ያጓትተዋል። በሞቃት ቀን በማግሥቱ የሚይዘው በክረምት ሦስትና አራት ቀን ይፈልጋል። በመርጫ የሚረጨው ላከር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ቲነሩ ቶሎ ሲተን የተቀባውን ገጽ ያቀዘቅዘዋል፤ የክረምቱ አየር የተሸከመው እርጥበት በዚያ በቀዘቀዘው ገጽ ላይ ያርፍና ላከሩ ነጣ ብሎ ጉም ይለብሳል። ይህ የሆነበት ሰው ቆም ብሎ ዝናቡ እስኪያባራ በመጠበቅ ፈንታ ሌላ እጅ ይደርብበታል። ጉሙም ከሥር ታሽጎ ይቀራል።

በአናጢ ያሠራ ሰውም ከዚህ አያመልጥም። «እትዬ፣ አይስጉ፣ ነገ ይደርቃል» ተብሎ በበዓል ዋዜማ ማታ በጋሪ የሚመጣውን ዕቃ የማያውቅ አለ? ወንበሩ ቤት ይገባል፣ እንግዳ ይቀመጥበታል፣ የአገር ልብሱ ጀርባ ላይ ቡናማ መስመር ይሰመራል። ነጭ ቀሚስ ለብሳ መጥታ ተለጥፋ የተነሳችውን አክስት ማን ይክሳታል? አናጢውን ብቻ እንዳልወቅስ ደግሞ፣ ዕቃውን በሁለት ሳምንት ካላደረስክ ቀብድ መልስ የምንለው እኛው ነን። ለመቁረጡና ለመገጣጠሙ የሚከፍል እንጂ ቆሞ ለሚደርቅበት ቀን የሚከፍል የለም። በጠባብ ሱቅ ውስጥ አምስት ቀን ቦታ ይዞ የቆመ ቁም ሳጥን ለአናጢው ኪሳራ ነው።

በጣት ሲነካ አለመጣበቁ ደግሞ ጨረሰ ማለት አይደለም። የዘይት ቫርኒሽ ላዩ ከያዘ በኋላ ውስጡ ሙሉ ጥንካሬውን እስኪያገኝ አንድ ወር ገደማ ሊፈጅ ይችላል። በዚህ ወር ውስጥ የሚደርስበትን ግፍ አስቡት። መጀመሪያ ልጁም፣ ጎረቤቱም፣ የመጣው ሁሉ «ደረቀ እንዴ?» እያለ አውራ ጣቱን ይተክልበታል። ቀጥሎ «እንዳይጫጫር» ተብሎ አበባ ያለበት የፕላስቲክ ጠረጴዛ ልብስ ይለብሳል። ለመጠበቅ የታሰበው ፕላስቲክ ነው ዋናው አጥፊ። ፕላስቲኩን የሚያለሰልሰው ንጥረ ነገር ወደ ቫርኒሹ እየገባ ያላላዋል፣ አየር ተከልክሎም ውስጡ መጠንከር ያቅተዋል። ከወራት በኋላ ልብሱ ሲነሳ የአበባው ቅርጽ ጠረጴዛው ላይ ታትሞ ይገኛል፤ አንዳንዱም ቫርኒሹን ይዞት ይነሳል። ስስ የጥጥ ጨርቅ ቢደረግ፣ እሱም ከወሩ በኋላ፣ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ቫርኒሽ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ያለው እሮሮ ደግሞ ራሱን የቻለ ነው። «ቫርኒሽ ስጠኝ» ስትለው የቀረበውን ያነሳልሃል። ለምን እንደምትፈልገው፣ ለቤት ውስጥ ይሁን ለበረንዳ፣ በፊት ምን እንደተቀባ አይጠይቅህም። ዓይነቱ ግን ሌላ ሌላ ነው። ነፍሳት ከሚያመነጩት ሙጫ የሚሠራው ሽላክ መልኩ እጅግ ያምራል፣ ቶሎ ይደርቃል፤ የሚሟሟው ግን በአልኮል ነው። በሽላክ በተወለወለ ጠረጴዛ ላይ አንድ መለኪያ አረቄ ከፈሰሰ ቫርኒሹ አብሮ ይነሳል። ላከር በቲነር ይሟሟል፤ ሥር ያለው የዘይት ቫርኒሽ ከሆነ የላከሩ ቲነር ያሳብጠውና ይጨማደዳል። ትኩስ ነገር፣ ወጥና ውሃ ለሚያርፍበት የምግብ ጠረጴዛ ፖሊዩረቴን ይሻላል፤ በዘይት የተሠራው ወርቃማ መልክ ይሰጣል፣ በውሃ የተሠራው ሳይቀይረው ይቀራል፣ ሽታውም ቀላል ነው። ይህን ለማወቅ ጣሳው ላይ ያለውን ማንበብ ያስፈልጋል። ጣሳው ላይ ያለው ጽሑፍ በስንት አገር ቋንቋ እንደተጻፈ አይቻለሁ፤ በአማርኛ የተጻፈበትን ፈልጎ ማግኘት ግን ያደክማል። ከጋሎን እየተቀነሰ በውሃ ላስቲክ የሚሸጠውማ ምንም ጽሑፍ የለውም። መቼ እንደተከፈተ አይታወቅም፣ ምን እንደተጨመረበትም አይታወቅም።

ስለሚጨመረው ነገር ዝም ብዬ አላልፍም። ወፍራም ሆነ ተብሎ ነጭ ጋዝ ይደባለቅበታል፤ ነጭ ጋዝ ሲተን ቀርፋፋና ቅባታም ስለሆነ ቫርኒሹን ለሳምንታት እንደተጣበቀ ያቆየዋል። ቤንዚን የሚጨምሩም አሉ፤ ከሰል በሚቀጣጠልበት፣ ዕጣን በሚጤስበት ቤት! ለየቫርኒሹ የተመደበ ማቅጠኛ አለ፤ በመጠኑ ነው የሚጨመረው። ጣሳውን ከፍ ዝቅ አድርጎ መናጡም ይቅር። የገባው አየር አረፋ ሆኖ ገበታው ላይ ይደርቃል። በቀስታ በእንጨት ማማሰል በቂ ነው። ስስ ስስ አድርጎ ሦስት እጅ መቀባት፣ በየመሐሉ በ320 ወረቀት ሸርተት አድርጎ አቧራውን መጥረግ፣ ከዚህ የተለየ ጥበብ የለውም። አንዴ አወፍሮ የሚቀባው ሰው ጊዜ የቆጠበ ይመስለዋል፤ ላዩ ቆዳ ሠርቶ ሥሩ ጥሬ ሆኖ ይቀርበታል።

«ተፈጥሯዊ ነገር ይሻላል» የሚሉትም መጥተዋል። የሰም ጉዳይ አንዱ ነው። ከማራችን የሚተርፈው ሰም ለአገር የሚሆን ነው፣ መዓዛውም ደስ ይላል፤ ለሥዕል ክፈፍ፣ ለትንሽ ሳጥን ያምራል። ለቡና ጠረጴዛ ግን አይሆንም። ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይቀልጣል፤ ከፍታችን ላይ ውሃ ራሱ የሚፈላው በ92 ገደማ ነውና ከምድጃ የወረደ ጀበና ይህን ሰም እንደማይምረው የታወቀ ነው። የተልባ ዘይትም እንዲሁ ይወደሳል። እንጨቱን ያሞቀዋል፣ ጅማቱን ያወጣዋል፤ ለምግብ የተጨመቀው ጥሬው ግን ለመድረቅ ሳምንታት ይፈልጋል፣ ውሃንም ብዙ አይከለክልም። በፓልም ዘይት የሚያሹም አሉ። ፓልም ፈጽሞ አይደርቅም፤ አቧራ ይሰበስባል፣ ይሻግታል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ የተልባ ዘይት የጠጣው ጨርቅ ነው። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል። ጨርቁ ተጠቅልሎ ጥግ ውስጥ ከተጣለ ሙቀቱ መውጫ ያጣና እሳት ሳይነካው በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። በሌላው ዓለም በዚህ የተነሳ ቤቶች ነደዋል። እኛ ጋ ሥራው ሲያልቅ ጨርቁን ጠቅልሎ ደረጃ ሥር መወርወር ነው ልማዱ፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ይከብዳል። ሜዳ ላይ አንድ በአንድ ዘርግቶ ማድረቅ ወይም ውሃ ውስጥ ነክሮ ማስቀመጥ ምን ያህል ይከብዳል? ዘይቱን «ግዛና ቀባ» ብሎ የሚመክር ሁሉ ይህን አብሮ መናገር አለበት።

የተቃጠለ የመኪና ዘይት ደግሞ ለአጥር ቋሚ ከምስጥ መከላከያ ተብሎ ሲቀባ ኖሯል። አሁን አግዳሚ ወንበርና የልጆች አልጋ ላይ ሲቀባ አያለሁ። ልብስ ያበላሻል፣ አይደርቅም፣ ከሞተር የተፋቀ ብረትና የቃጠሎ ዝቃጭ ስላለበት ለቆዳ ጎጂ ነው። ሕፃን በሚተኛበት እንጨት ላይ ይህን መቀባት ምን የሚሉት ጭካኔ ነው! ምስጥ የሚያሰጋ ከሆነ እግሩን ከአፈር ማራቅ፣ መሠረቱን ድንጋይ ወይም ብረት ማድረግ ይቀድማል።

በረንዳ ላይ የሚውለው ዕቃ ነገር የመጨረሻው ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ደጋ ላይ ያለ ሰው ይህን በገዛ ፊቱ ያውቀዋል። ለቤት ውስጥ የተሠራ ቫርኒሽ ጨረሩን ያሳልፈዋል፤ ጨረሩ ከሥር ያለውን የእንጨቱን ገጽ ያፈርሰዋል፣ መያዣ ያጣው ቫርኒሽ ይነሳል። ለመርከብ ተብሎ የሚሠራው ቫርኒሽ ከእንጨቱ ጋር የሚለጠጥ፣ ጨረር የሚያግድ ነገርም የተጨመረበት ነው፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ በየሱቁም አይገኝም። ካልተገኘ ድፍን የዘይት ቀለም መቀባት ከማንኛውም ብርሃን አሳላፊ ቫርኒሽ የተሻለ ይከላከላል፤ ግን «የእንጨቱ መልክ ይጥፋ?» ተብሎ እምቢ ይባላል። የመርከቡም ቢሆን ገና ሳይላጥ፣ ማብረቁ ሲደበዝዝ፣ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ቀለል አድርጎ አሽቶ አንድ እጅ መጨመር ይፈልጋል። ሳይላጥ ቫርኒሽ የሚጨምር ሰው አይተን አናውቅም።

ሲላጥ ነው የሚታሰበው። ያን ጊዜ ደግሞ መድኃኒቱ ለሁሉም አንድ ነው፤ «አንድ እጅ ደርብበት»። የተነሳው ካልተፋቀ፣ ጠርዙ በወረቀት ካልለሰለሰ፣ አዲሱ የሚይዘው የሞተውን ንጣፍ ነው። ለዓመታት ሲሊኮን ባለበት በሚረጭ መወልወያ ሲጠረግ የኖረ ገጽ ከሆነማ ቫርኒሹ እየሸሸ ጉድጓድ ጉድጓድ ይሠራል። ጎረቤቶቼ ለመስከረም ብለው የደረቡበት የግቢው አግዳሚ ወንበር በጥር ተልጧል፤ አዲሱ ከአሮጌው ጋር ተያይዞ ነው የተነሳው። እንዲፋቅ ብነግራቸው «ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ ያበዙታል» አሉኝ። አሁን ሌላ ጋሎን ገዝተዋል፤ ብርጭቆ ወረቀት አልገዙም።